የዘር ስንዴውን መንገድ ላይ ያስቀረው ቺንጋ

በአርሲ ደጋ የሰኔ ወር መገባደጃ ሲቃረብ ገበሬው ቀን መቁጠር ይጀምራል። ማሳው ሦስቴና አራቴ ታርሶ ለስልሷል፤ ዝናቡም ገብቷል። የቀረው ዘሩን መሬት ማስያዝ ነው። ከአሰላ ተነስቶ በሳጉሬ በኩል ወደ በቆጂ በሚያመራው መንገድ ግራና ቀኝ የተዘረጋው የስንዴ ማሳ በእነዚህ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ካልተዘራ፣ ዘግይቶ የበቀለው ስንዴ ፍሬ በሚቋጥርበት ጊዜ ወይ ዝናብ ይሸሸዋል፣ ወይ የኅዳር ውርጭ ይደርስበታል።

በ2015 ዓ.ም. የሰኔ ወር መጨረሻ ላይ፣ ከሳጉሬ ትንሽ አለፍ ብሎ፣ አንዲት አሮጌ ነጭ ፒካፕ 10 ኩንታል የዘር ስንዴ እንደጫነች ዳገት ላይ ቆመች። የመኪናዋ ባለቤት በአካባቢው የሚገኝ አንድ የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። ለአንድ ሄክታር ስንዴ ከ125 እስከ 150 ኪሎ ግራም ዘር ስለሚያስፈልግ፣ በመኪናዋ ላይ የነበረው ጭነት ከ7 እስከ 8 ሄክታር የሚሸፍን ነበር። ሌላ ስድስት ጉዞ የሚጠይቅ ዘር ደግሞ ገና አሰላ መጋዘን ውስጥ ተራውን ይጠብቃል።

ዘሩ እንዲሁ ከጎተራ የተዛቀ እህል አልነበረም። በ2003 ዓ.ም. መኸር ቢጫ ዋግ የተባለው የስንዴ በሽታ በብዛት ይዘሩ የነበሩትን ኩብሳና ገለማ የተባሉ ዝርያዎች ክፉኛ ካጠቃ ወዲህ፣ የአርሲ ገበሬ ዋግ የሚቋቋም ዝርያ ምን ማለት እንደሆነ በራሱ ማሳ ላይ ተምሯል። የማኅበሩ አባላትም ከቡቃያው በፊት ገንዘባቸውን አዋጥተው የገዙት ይህንኑ ዓይነት ዘር ነበር።

ሾፌሩ የሆነውን ሲያስረዳ፣ መኪናዋ በሁለተኛ ማርሽ ዳገቱን እየወጣች ሳለ ከኮፈኑ ሥር አንድ ጊዜ ብቻ “ጧ” የሚል ድምፅ እንደተሰማና ሞተሩ ወዲያውኑ ፀጥ እንዳለ ይናገራል። ጭስ የለም፣ የፈሰሰ ዘይት የለም፣ ሙቀቱም አልጨመረም። ቁልፉን ሲያዞረው ሞተሪኖው ይሠራል፤ ሞተሩ ግን አይነሳም። በዚህ ጊዜ በአገራችን መንገድ ላይ የተለመደው ነገር ሆነ። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ተሰበሰቡ፤ መኪናዋን ቁልቁል አዙረው በግፊ ሊያስነሷት እጃቸውን ጭነቱ ላይ አሳረፉ።

ሊገፉ ሲሉ ከኋላ የመጣ አንድ የኤፍ.ኤስ.አር. ጭነት መኪና ሾፌር ቆመና ወረደ።

“ተዉ፣ አትግፉ! ስማ ወንድሜ፣ ሞተሪኖ ስትሰጠው አዟዟሩ እንደ ወትሮው ነው ወይስ ቀለለብህ?”

“ቀለለብኝ። እህል እንደሌለበት ወፍጮ ነው የሚሽከረከረው።”

“እንግዲያው ቺንጋ በልቷል። ቁልፉን ነቅለህ ኪስህ ክተተው።”

ይህ የጭነት መኪና ሾፌር ስሙን ሳይናገር መንገዱን ቀጠለ። በኋላ ጋራዥ ውስጥ እንደተረጋገጠው ግን፣ ማኅበሩን ከአዲስ ሞተር ግዢ ያዳነው እርሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ቺንጋው ምን ይሠራል?

ብዙ ሰው ቺንጋ ሲባል ትዝ የሚለው ከፊት በኩል የሚታየው፣ ዲናሞውንና ቬንትሌተሩን የሚያዞረው ነው። ያ ቢበጠስ ባትሪ ይደክማል፣ ውኃ ይፈላል፤ ሾፌሩም ምልክቱን አይቶ ይቆማል። እዚህ የምንነጋገርበት ሌላው ነው። ታይሚንግ ቺንጋ ይባላል፤ በውስጥ ጎኑ ጥርስ ያለው፣ በመከለያ ውስጥ ተዘግቶ የሚኖርና ከውጭ የማይታይ ነው።

ይህች ፒካፕ ቶዮታ ሃይሉክስ ስትሆን የተገጠመላት ሞተር 3ኤል የሚባለው ባለ 2.8 ሊትር የናፍታ ሞተር ነው። አራት ፒስተኖችና ስምንት ቫልቮች፣ መካኒኮቻችን ባልቮላ የሚሏቸው፣ አሉት። ፒስተኖቹ ኮሎ የተባለውን ዋናውን ዘንግ ያዞራሉ፤ ኮሎው በቺንጋው አማካይነት ከላይ ያለውን ካምሻፍት ያዞራል፤ ካምሻፍቱ ደግሞ ባልቮላዎቹን በየተራቸው ይከፍታል። ኮሎው ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ ይዞራል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ በሚዞርበት ጊዜ እያንዳንዱ ባልቮላ በሴኮንድ 25 ጊዜ ይከፈታል፣ ይዘጋል ማለት ነው። የናፍታውን ፖምፓ የሚያዞረውም ያው ቺንጋ ነው። ቺንጋው ሲበጠስ ሞተሩ እንደ መብራት ድርግም የሚለው ናፍታ በዚያችው ቅጽበት ስለሚቋረጥበት ነው።

የናፍታ ሞተር እሳት የሚያስነሳ ካንዴላ የለውም። ናፍታው የሚቀጣጠለው አየሩ እጅግ ታምቆ ሲግል ሲሆን፣ በዚህ ሞተር ውስጥ አየሩ ከ20 እጥፍ በላይ ይታመቃል። ስለዚህ ፒስተኑ ወደ ላይ ሲደርስ በእርሱና በቴስታታው መካከል የሚቀረው ክፍተት ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ቺንጋው ተበጥሶ ካምሻፍቱ ሲቆም ከስምንቱ ባልቮላዎች ጥቂቶቹ እንደተከፈቱ ይቀራሉ፤ መኪናው ማርሽ ውስጥ እንዳለ በጉልበቱ ሲንከባለል ኮሎው መዞሩን አያቆምም፤ ፒስተኑም ሽቅብ መጥቶ የተከፈተውን ባልቮላ ይመታዋል። በግፊ ማስነሳት ማለት ይህንኑ ምት በፈቃደኝነት መደጋገም ነው። በሞተሪኖ ደጋግሞ መሞከርም ከዚያ አይሻልም።

በዚያን ዕለት መኪናዋ ዳገት ላይ፣ በዝቅተኛ ማርሽ ቀስ ብላ እየወጣች መሆኗ በጀ። ቁልቁለት ላይ በፍጥነት ስትወርድ ቢሆን ኖሮ ካምሻፍቱ ራሱ ሊሰበር፣ የፒስተን ራስም ሊሰነጠቅ ይችል ነበር።

ዘሩ ዝናብ እንዳይመታው በሸራ ተሸፍኖ ካደረ በኋላ በማግስቱ በሦስት የፈረስ ጋሪ ተጭኖ መንገዱን ቀጠለ። መኪናዋ ግን ማርሿ ዜሮ ላይ ሆኖ ወደ አሰላ ተጎተተች።

“ሞተሩ ራሱ ይንገርዎት”

መኪናዋን የተቀበሉት መካኒክ በአሰላ ከተማ ከ30 ዓመት በላይ በዚህ ሙያ የቆዩ ሰው ናቸው። ራዲያተሩን አውርደው፣ የፊቱን ቺንጋዎች ፈትተው፣ የኮሎውን ፑሌጃ በመንቀያ አውጥተው መከለያውን ሲከፍቱ የተበጠሰው ቺንጋ እንደ እባብ ቅርፊት ተልፈስፍሶ ወጣ። አዛውንቱ መካኒክ ወዲያው አልጣሉትም። ጨርቅ ላይ ዘርግተው ሾፌሩን ጠሩት።

“ና ልጄ፣ ይህን አንብብ” አሉት።

ጀርባው በጥቃቅን ስንጥቅ ተሸፍኗል፤ ይህ የእርጅናና የሙቀት ምልክት ነው። በአንድ በኩል ስምንት ወይም ዘጠኝ ጥርሶች ከሥራቸው ተገሽልጠዋል። የጠርዙ ክር እንደ ተበላ ገመድ ተንጨፍርሯል። ከሁሉም በላይ ግን ላስቲኩ በእጅ ሲነካ ይወዛል፤ ዘይት ጠጥቷል። ዘይቱ የመጣው ከኮሎው ፊት ካለው ኦይል ሲል ነበር። ይህ ዘይት መከላከያ ላስቲክ ሲያረጅ የሞተር ዘይት ጠብ እያለ በመከለያው ውስጥ ቺንጋውን ያርሰዋል፤ ላስቲኩም ይለሰልስና ጥርሱ ይረግፋል። ከውጭ ምንም አይታይም። ሾፌሩ ከፊት በኩል ሞተሩ ሥር ጥቁር ቅባት መኖሩን ካየ ቆይቷል፤ የሚፈስ ነገር ባለመኖሩ ግን ቁም ነገር አላለውም ነበር።

የማኅበሩ ሊቀመንበር በማግስቱ ከበቆጂ በኩል መጡ። ቸኩለዋል፤ ቢቸኩሉም የሚፈረድባቸው አልነበረም።

“ዘሩ መጋዘን ነው፤ ሰማዩም እየወረደ ነው። የተበጠሰው ቺንጋ ነው አላችሁን፤ እንግዲያው አዲስ ቺንጋ ይግባና መኪናችንን ስጡን” አሉ።

“ኦቦ፣ ቺንጋውን ዛሬ ማታ ላስገባልዎት እችላለሁ። ግን እኔ ከምነግርዎት ሞተሩ ራሱ ይንገርዎት” ሲሉ መለሱላቸው መካኒኩ።

ከዚያ ያደረጉት ነገር ማንኛውም የአሮጌ ፒካፕ ባለቤት ሊያውቀው የሚገባ ነው። በመጀመሪያ ኮሎውን በትልቁ ቡሎን ይዘው ሩብ ዙር ያህል መለሱትና አራቱም ፒስተኖች ከጫፍ ራቅ ብለው መካከል ላይ እንዲቆሙ አደረጉ። ካምሻፍቱን ያለ ሥጋት ማንቀሳቀስ የሚቻለው እንዲህ ሲሆን ብቻ ነው። ቀጥለው ካምሻፍቱን፣ የናፍታውን ፖምፓና ኮሎውን በየምልክታቸው አቁመው ለሙከራ ቺንጋ አጠለቁ። ከዚያ ባለ ረጅም እጀታ ቁልፍ ኮሎው ላይ ገጥመው ለሊቀመንበሩ አቀበሏቸው።

“ቀስ ብለው ወደ ሰዓት አዟዟር ያዙሩ። ብረት ከብረት ሲገናኝ ከተሰማዎት አይግፉ፤ ያቁሙ። ሁለት ሙሉ ዙር ሲያዞሩ ደግሞ አራት ጊዜ ሊከብድዎት ይገባል፤ እያንዳንዱ ፒስተን አየሩን በሚያምቅበት ጊዜ አንድ አንድ ጊዜ።”

ሊቀመንበሩ አዞሩ። አንድ ጊዜ ከበዳቸው። ከዚያ አንድ ጊዜ በባዶ አለፈ። እንደገና ከበዳቸው። ደግመው ሞከሩ፤ ያው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ቁልፉን መልሰው ሰጡና “በሉ ክፈቱት” አሉ።

ቴስታታው ሲወርድ በሁለተኛውና በሦስተኛው ፒስተን በኩል ሦስት ባልቮላዎች ተጣምመው ተገኙ። ፒስተኖቹ ራስ ላይ የአዲስ ጨረቃ ቅርጽ ያለው የምት አሻራ ነበር፤ ስንጥቅ ግን አልነበረም። ካምሻፍቱም ደኅና ነው። እንዲያው ቺንጋ ብቻ ተገጥሞ በሞተሪኖ ቢዞር ኖሮ ሞተሩ በሁለት ፒስተን እየተንገጫገጨ ይነሳ ይሆናል፤ የተጣመመው ባልቮላ ተቆርጦ ፒስተኑ ላይ ቢወድቅ ግን ወጪው ከጥገና አልፎ የሞተር መለወጥ ይሆን ነበር።

ተጣጥፎ የመጣው ቺንጋ

ቴስታታው ለመስተካከል ወደ አዳማ ቶርኖ ቤት ተላከ። ባልቮላዎቹ ከአዲስ አበባ፣ ከመርካቶ ሱማሌ ተራ ተገዙ። የቴስታታው ጓርኒሲዮን በተለያየ ውፍረት ስለሚሠራ አሮጌው ላይ ያለው ምልክት ታይቶ በልኩ ተፈለገ። ይህ ሁሉ አምስት ቀን ፈጀ።

ቺንጋውን በሚመለከት ግን አንድ ያልታሰበ ክርክር ተነሳ። የማኅበሩ ተላላኪ በመጀመሪያ ያመጣው ቺንጋ አዲስ ነው፤ ቁጥሩም ትክክል ነው። ነገር ግን ማሸጊያው ጠፍቶ እንደ እጅ መዳፍ ተጣጥፎ በሽቦ ታስሮ ነበር። መካኒኩ አንዴ አይተው አልቀበልም አሉ። ተላላኪው ተቆጣ፤ አዲስ ዕቃ እንዴት ይመለሳል ሲል ተሟገተ። የአዛውንቱ ምክንያት ግን የሚያሳምን ነው። ቺንጋው ላስቲክ ብቻ አይደለም፤ ጉልበቱ ያለው በውስጡ በተዘረጉት ጠጉር የመሰሉ የመስተዋት ክሮች ላይ ነው። እነዚህ ክሮች ሲሳቡ እጅግ ጠንካራ ናቸው፤ በኃይል ሲታጠፉ ግን ይሰበራሉ። ስብራቱ ከውጭ አይታይም፤ የሚታየው ከጥቂት ወራት በኋላ መንገድ ላይ ነው። በዚሁ ምክንያት ቺንጋ አይጠመዘዝም፣ የውስጡ ወደ ውጭ አይገለበጥም፣ ፑሌጃው ላይ አልገባ ሲልም በካቻቢቴ እየተጎረጎረ አይገባም። ሌላ ቺንጋ በማግስቱ መጣ።

ቴስታታው ተመልሶ ከመገጠሙ በፊት ባልቮላዎቹ በሚገባ መዝጋታቸው በነጭ ጋዝ ተፈተነ። ቴስታታውን በጎኑ አስተኝተው በየአየር ማስገቢያውና በየጭስ ማውጫው ቀዳዳ ነጭ ጋዝ ሞሉና አሳደሩት። ጠዋት የባልቮላዎቹ ፊት ደረቅ ነበር። ይህ ፈተና መሣሪያ አይጠይቅም፤ ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ፈጣን ነው። የኮሎውም የካምሻፍቱም ኦይል ሲሎች ተለወጡ፤ የቀድሞው ቺንጋ የሞተው በዘይት ነውና። ቺንጋውን የሚወጥረው ኩሽኔታ በእጅ ሲሽከረከር ይጮህ ስለነበር እርሱም ተለወጠ። ቺንጋው ላይ ያለው ቀስት ወደ አዟዟሩ አቅጣጫ እንዲመለከት ሆኖ ሦስቱ ምልክቶች በቦታቸው ተገጣጠሙ። ወጣሪው በምንጩ ጉልበት ቺንጋውን እንዲይዝ ተለቀቀ፤ ኮሎው በእጅ ሁለት ዙር ዞረና ምልክቶቹ እንደገና ታዩ። በአንድ ጥርስ መሳሳት እንኳ ሞተሩን አስቸጋሪ አነሳስ፣ ጭስና የጉልበት ማነስ ይሰጠዋል። ሊቀመንበሩ በዚያን ቀን አልነበሩም፤ ቁልፉን የያዘው ሾፌሩ ነበር። አራት ጊዜ ከበደው።

በደረሰኝ ውስጥ የነበረው ቁጥር

ቺንጋው ስንት ኪሎ ሜትር ሄዶ ነበር? ይህን ጥያቄ መካኒኩ በመጀመሪያው ቀን ሲጠይቁ የመለሰላቸው አልነበረም። የመኪናዋ ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ገመዱ ተበጥሶ ከቆመ ዓመታት አልፈዋል።

በእነዚህ የቶዮታ ናፍታ መኪኖች ዳሽቦርድ ላይ ስለ ቺንጋው የምታስታውስ አንዲት መብራት አለች። መብራቷ ቺንጋውን አታየውም፤ 100,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ የምትበራው ቆጣሪውን ተከትላ ነው። ቺንጋው ሲለወጥም ተመልሳ እንደገና መቁጠር ትጀምራለች። ሾፌሩ እንዳስታወሰው፣ መብራቷ በ2011 ዓ.ም. በርታ ነበር። በጊዜው ነገሩ የባትሪ ችግር መስሏቸው ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ አሳዩት፤ ሠራተኛውም ዲናሞውን መርምሮ ደኅና መሆኑን ካየ በኋላ ሾፌሩን እንዳታስቸግር ብሎ አምፖሏን ነቀላት። ቆጣሪውም ከዚያ ብዙ ሳይቆይ ቆመ።

መልሱን ያገኘችው የማኅበሩ ሒሳብ ሹም ናት። ወጣቷ ሒሳብ ሹም የጥገናውን ወጪ ለመመዝገብ የመኪናዋን ፋይል ስታወጣ፣ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የናፍታ ደረሰኝ በሙሉ በየወሩ ተሰክቶ አገኘችው። ደመረችው። 6,400 ሊትር ያህል ሆነ። መኪናዋ በአንድ ሊትር በአማካይ 10 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ቢባል፣ ለ100,000 ኪሎ ሜትር የተሠራው ቺንጋ ከዚያ በላይ 64,000 ኪሎ ሜትር ሠርቷል ማለት ነው። ቁጥሩ አራት ዓመት ሙሉ በቢሮው መደርደሪያ ላይ ነበር፤ የመኪናዋን ሞተር የሚመለከት መሆኑን ያሰበ ሰው ግን አልነበረም።

እንዲያውም ለእኛ አገር መንገድ ይህ አቆጣጠር ከቆጣሪው ይልቅ የሚሻልበት ጊዜ አለ እላለሁ። ጭቃ ውስጥ በአንደኛ ማርሽ የምትንፏቀቅ መኪና ቆጣሪዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ሲያሳይ ሞተሯ ግን ብዙ ዞሯል፤ የናፍታው ደረሰኝ ይህንን ድካም አይደብቅም። ብዙ ያልሄደች መኪና ብትሆንም ላስቲክ በዕድሜ ይደርቃልና ዓመቱን መጻፍ ያስፈልጋል። ይህ ነገር የሃይሉክስ ጉዳይ ብቻም አይደለም። በየገጠሩ የምናየው የላንድክሩዘር 1ኤችዜድ ሞተርና የሚትሱቢሺ 4ዲ56 ሞተርም በቺንጋ የሚሠሩ ናቸው። የቀድሞው የሃይሉክስ 22አር ቤንዚን ሞተር ግን ሰንሰለት አለው፤ ስለዚህ የማኅበሩ ወይም የጽሕፈት ቤቱ መኪና የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

መኪናዋ በዘጠነኛው ቀን ከጋራዥ ወጣች። የቺንጋው ዋጋ ከጠቅላላው ወጪ አንድ አሥረኛ እንኳ አልሞላም። የጋሪ ኪራይ ለብቻው ነው። ከአባላቱ አብዛኛዎቹ ዘራቸውን በጋሪና በኪራይ መኪና አግኝተው በጊዜው ዘርተዋል። መንገዱ የራቀባቸው ጥቂት ቤተሰቦች ግን መጠበቅ ስላልቻሉ ከጎተራቸው ያለውን አሮጌ ዘር በትነዋል፤ አዲሱ ዘር ሲደርስ መሬቱ ተይዞ ነበር። ከእነርሱ አንዱ፣ ዕድሜያቸው የገፋ አባት፣ ቢጫ ዋጉ በመጣበት ዓመት ማሳቸው ምን እንደሆነ አስታውሰው ዘንድሮ እንዲምራቸው እየተመኙ መሆኑን ከመናገር በቀር ማንንም አልወቀሱም።

በሐምሌ መጨረሻ ወደ አካባቢው ተመልሰን መኪናዋን ስናያት አምፖሏ በቦታዋ ገብታለች። በሾፌሩ በር ውስጠኛ ጎን ቺንጋው የተለወጠበት ቀን በነጭ ቀለም ተጽፏል። ሒሳብ ሹሟም ከዚያ ቀን ጀምሮ የናፍታ ደረሰኞቹን በአዲስ መዝገብ እየደመረች ሲሆን፣ ድምሩ 9,000 ሊትር ሲደርስ መኪናዋ ጋራዥ እንድትገባ የማኅበሩ ኮሚቴ ወስኗል። ለቆጣሪው የሚሆን ገመድ ግን እስከዚያን ጊዜ ድረስ አልተገኘም ነበር።